የእትዬ የሺ የጋዝ መጥበሻና የመጨረሻ ጥያቄያቸው

ታላቅ እኅቴ ወይዘሮ የሺመቤት በጥር ወር፣ ጉና ሥር በአጎታችን ቤት፣ በሰርግ ቀን ተቃጥለው ሆስፒታል ሲታከሙ ከቆዩ በኋላ ዐርፈዋል። ደብረ ታቦር ያላችሁ ቀብራቸው ላይ ከእኔ ጋር ቆማችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሩቅ ላላችሁት ግን ወሬው የደረሳችሁ ተቆራርጦ ነው። አንዱ ማሽኑ ፈነዳ ይላል። ሌላው የገዛ አጎታቸው አቃጠላቸው ይላል። ሁለተኛው ወሬ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስፈራኛል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ወሬ ሰውን የት እንደሚያደርስ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ።

መጻፍ አልለመድሁም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የያዝሁት የብየዳ ሥራ ነው። ጀምሬ የተውሁት ወረቀት ብዙ ነው። ቃል ሲያጥረኝ ዝለሉት።

እናታችን ስትሞት እኔ ገና አልቆምሁም ነበር አሉ። እናት ብዬ የማስታውሰው የእትዬን ጀርባ ነው። ትምህርት ቤት ስገባ እሳቸው ወደ ዐረብ አገር ሄዱ፤ ጫማዬም ደብተሬም ከዚያ ይመጣ ነበር። ሲመለሱ ከስተው፣ ዝምተኛ ሆነው፣ ከትልልቅ ካርቶን ጋር መጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ካርቶኑ ሲከፈት ሊያይ ተሰበሰበ። ቴሌቪዥን ሲጠብቁ ከውስጡ የወጣው ክዳን ያለው ብረት፣ የሽቦ ፍርግርግና ጎማ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ለፍተሽ ብረት ተሸክመሽ መጣሽ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ቴሌቪዥን ጥብስ ያሳያል እንጂ አያበላም» አሏት።

የጋዝ መጥበሻ ነበር። በሥራ ቤታቸው፣ በግቢው ውስጥ፣ የአሠሪዎቻቸውን ሥጋ የሚጠብሱበት ዓይነት ነው። ሰፈሩ «የየሺ ማሽን» አለው። ከዚያ በኋላ በምርቃትም በክርስትናም እየተጠሩ ይጠብሱ ጀመር፤ በፍስክ እሑድ ግን በቤታችን ግቢ ነበሩ።

እኔ መጠለያ ልሠራለት ቆርቆሮና ብረት ይዤ መጣሁ። ነፋስ እንዳያስቸግር ብዬ ግድግዳውን ልጀምር ስል እጄን ያዙኝ።

«ወንድማለም፣ ግድግዳ የሌለው ቤት ሥራልኝ» አሉ። «ጣራው ይበቃል። ጋዝ የሚወጣበት ያጣ ቀን ነው ሰው የሚፈልገው።»

እየቀለዱ መሰለኝ፤ አልሳቁም። ከቤቱ ግድግዳም፣ ከእንጨቱ ክምርም አርቄ እንድተክለው አደረጉኝ። ሲሊንደሩ የሚቆምበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ራሳቸው መረጡ። አንድ ቀን አስተኝቼ ሳንከባልለው አይተው፣ ከደጅ ጀምረው ስሜን እየጠሩ መጡ። ሲሊንደር አይተኛም አሉኝ። ቆሞ ነው የሚኖረው፤ ተኝቶ ከተከፈተ የሚወጣው ፈሳሹ ነው አሉኝ።

አሠራራቸውን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን አጥብቀው ያጣፉና ጫፉን ወደ ኋላ ያስራሉ፤ የሚንጠለጠል ነገር እሳት ዘንድ አይወዱም። ሳሙና በውኃ በጥብጠው ጎማው በሚገጥምበት ሁሉ በብሩሽ ይቀባሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። አረፋ ከተነሣ የዚያን ቀን ጥብስ የለም። እንግዳ ተቀምጦ፣ ሥጋው ተከትፎ፣ አንዲት ትንሽ አረፋ አይተው ሁሉን ነገር ወደ ምጣድ ያዞሩበት ቀን ነበር። ሰው አጉረመረመ። እሳቸው ግን ጎማውን ነቅለው ጣሉት፤ ሌላ እስኪገዛ ድረስም ማሽኑን ሸፈኑት።

ክዳኑ ሳይከፈት አይለኩሱም። ለዚህ ምስክራችን የሰፈራችን ባለባጃጅ ነው። እትዬ ለጨው ወደ ቤት ገባ ሲሉ፣ እኔ ልለኩስልዎ ብሎ ክዳኑን እንደዘጋ ጋዙን ከፈተና ክብሪት ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። ክብሪቱን አግኝቶ ጭሮ ክዳኑን ሲያነሣ ቦግ አለበት። ቅንድቡና የግንባሩ ፀጉር ሄደ። እትዬ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ እያጠቡ ቆዩ፤ ደኅና መሆኑን ሲያዩ፣ አስደንግጦህ እንጂ ሳይጎዳህ ስላለፈ እግዜርን አመስግን አሉት። ሰፈሩ ግን ቅንድቡ እስኪመለስ «ጥብሱ» እያለ ሲጠራው ከረመ። እትዬ በዚህ ቀልድ ስቀው አያውቁም። ማታ በራፍ ላይ ተቀምጠው፣ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ አሉ፤ አልጨረሱትም።

ለሥጋውም ሕግ ነበራቸው። ማሽኑ ደኅና ሳይግል ሥጋ አያስቀምጡም። አንዱን ጎን ኃይለኛ፣ ሌላውን ለስላሳ አድርገው ያነድዱና፣ ጮማው ሲቀልጥ ነበልባል ከተነሣ ሥጋውን ወደ ለስላሳው ጎን ያሸሹታል። ውኃ አይረጩም፤ በአጠገባቸው ሁልጊዜ አሸዋ በባልዲ ነበር። ጥሬው የመጣበት ትሪ ላይ የበሰለውን አይመልሱም። ከሥር የሚጠራቀመውን ስብ ሳያጸዱ አይተኙም። የመጀመሪያውን ሥጋ ጥርሳቸው ላለቀው ለጎረቤታችን አዛውንት በስሱ ከትፈው ይልካሉ። ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ግቢያችን እየመጡ ይማሩ ነበር። ክፍያ አልነበረውም። ብቻ ያስደግሟቸው ነበር፤ መጀመሪያ ምን ይከፈታል፣ መጨረሻ ምን ይዘጋል እያሉ እንደ ዳዊት ያስደግሟቸው ነበር።

ሥራ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚዘጉት ሲሊንደሩን ነው። ጎማው ውስጥ የቀረው ነድዶ እሳቱ ራሱ ሲሞት፣ ያን ጊዜ የማሽኑን ይዘጋሉ። በገዛ እጃቸው ዘግተው፣ ነጠላቸውን አራግፈው፣ ወደ ቤት መንገድ ከጀመሩ በኋላ ግን ዞር ይላሉ።

«ተዘጋ ወይ?»

እኔም ሄጄ መዝጊያውን በእጄ እነካለሁ። «ተዘግቷል፣ እትዬ።»

ያን ሳይሰሙ ደፍ አያልፉም። አንዳንድ ቀን ደክሞኝ ከተቀመጥሁበት ተዘግቷል ብል፣ ባሉበት ቆመው ይጠብቁኛል። መነሣቴን ሲያዩ ነው የሚገቡት።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ነግረውኛል። ግራ አንጓቸው ላይ የተጨማደደ ጠባሳ ነበር፤ በሰዓት ማሰሪያ ይሸፍኑታል። ያን ቀን እጃቸውን ሲታጠቡ አየሁትና ጠየቅሁ። በዐረብ አገሩ ቤት አብራቸው የምትሠራ የእኛው አገር ልጅ ነበረች። ብርድ ነው ብላ መጥበሻውን ወደ ማድቤት አስገባችው። እትዬ ከዚህ በላይ አልነገሩኝም። እጃቸውን አድርቀው፣ የሰዓቱን ማሰሪያ መልሰው አሰሩና እንዲህ አሉኝ፦

«ጋዝ እንደ ውኃ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ውኃን ግን ታየዋለህ። ሽታው የበሰበሰ ሽንኩርት ነው። ሳይከተፍ ሽንኩርት ከሸተተህ ክብሪቱን ጣልና ውጣ፤ ሰው አስወጣ። ከወጣህ አትመለስ። ለምንም አትመለስ።»

አጎታችን አያ ሞላ ጥር ሊገባ ሲል ከጉና ሥር በእግራቸው ወርደው መጡ። አያ ሞላ የእናታችን ወንድም ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን አሁን የምጽፈው ሁላችሁም እንድትሰሙት ነው። እናታችን ስትሞት እኔንና እትዬን ወስደው፣ እትዬ በራሳቸው መቆም እስኪችሉ ያበሉን እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን ለእብናት ሰው ሊድሩ ነበር። የሙሽራው ወገኖች የየሺን ማሽን በወሬ ሰምተዋልና፣ ሰርጉ ላይ ካልታየ እንደ ንቀት ይቆጠርብኛል አሉ።

እትዬ አልወደዱትም። የጉና ብርድ ለጋዝ አይስማማም፣ ዳሱ ቅጠልና ሸራ ነው፣ ሰው ይበዛል እያሉ በለሰለሰ ቃል ሊመልሷቸው ሞከሩ።

«ለባዕድ ሰርግ ትሄጃለሽ አሉኝ» አሉ አያ ሞላ። «የእኔ ልጅ ባዕድ ናት?»

እትዬ የሰዓታቸውን ማሰሪያ አጠበቁ። ከዚያ እመጣለሁ አሏቸው። አያ ሞላ መርቀው ሲወጡ እትዬ በር ላይ ቆመው እስኪርቁ ድረስ አዩአቸው። የዚያን ሳምንት ጎማውን አዲስ ገዙ። አሮጌው ደኅና ነበር።

ለሰርጉ ዋዜማ ደረስን። እትዬ ግቢውን ሁሉ ዞረው አይተው ቦታ የመረጡት ከዳሱ ወዲያ፣ በአውድማው ዳር፣ ነፋሱ ከሰው ወደ ሜዳ በሚነፍስበት በኩል ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልገን ሲሊንደሩን አቆምን። የአገሩ ጎረምሶች ነፋስ እንዳያጠፋው ብለው በሸራ ሊከልሉት መጡ፤ እትዬ አመስግነው ሸራውን መለሱላቸው።

ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ አደረ። የሳሙናው ውኃ ዳር ዳሩ ረግቶ ነበር። እትዬ ሞክረው ሲለኩሱት እሳቱ አጭርና ደካማ ሆነ፤ ሲሊንደሩም ሥሩ ላይ ውርጭ ያዘ። አያ ሞላ በሰርግ ልብሳቸው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው መጥተው ሲሊንደሩን በመዳፋቸው ነኩት። እጃቸውን ቶሎ ሳቡ።

«እንዴ፣ ይኸማ በርዶታል» አሉ።

«አዎ አያ፣ ይበርደዋል» አሉ እትዬ። «ፀሐይ ስትሞቅ ራሱ ይነሣል። ተዉት ብቻ። እሳት እንዳይጠጋው።»

ዘጉት። ዞር ብለው ጠየቁኝ፤ ነክቼ ተዘግቷል አልሁ። በዚያው ጊዜ ከዳሱ ውስጥ ሽማግሎቹ የሙሽራዋን ዘመዶች ለምርቃት ጠሩን። ሽማግሌ ሊመርቅ ጠርቶ፣ ቆዩ ሥራ ላይ ነኝ አይባልም። እትዬ ማሽኑን መለስ ብለው አዩት። ከዚያ ሄድን፤ ከሰው ጋር ተንበርክከን ምርቃቱን ተቀበልን። ምርቃቱ ረጅም ነበር። የሞቱ ዘመዶች ሁሉ በስማቸው ተጠሩ። እናታችንም ተጠራች። እትዬ አሜን ሲሉ ዐይናቸው ወደ ዳሱ በር ነበር።

ስንመለስ ድንጋዩ ባዶ ነበር። ሲሊንደሩ የለም። ጎማው ከማሽኑ አፍ ተነቅሎ አብሮት ሄዷል።

በጉና ሥር ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። በውርጭ ወራት የወለደች በግና ግልገሏ ደጅ አያድሩም። ደካማው፣ ብርድ የመታው ሁሉ ቤት ይገባል፤ ጋቢ ይደረብለታል፤ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ከመደቡ ኋላ ባለው ዝቅ ያለ ጥግ ይተኛል። አያ ሞላ ዕድሜያቸውን ሁሉ ያደረጉት ይህን ነው። ብርድ የመታው ነገር አይተው መተው አልቻሉም። ሲሊንደሩን በመዝጊያው አንቀው ትከሻቸው ላይ ሲያወጡት መዝጊያው በእጃቸው ውስጥ ዞሯል።

እትዬ የት ሄደ ብለው ሲጠይቋቸው አያ ሞላ ደስ ብሏቸው ነበር።

«ግልገሎቹ ዘንድ አስተኛሁት» አሉ። «እሳት አይጠጋው ስላልሽኝ ከምድጃው አራቅሁት፤ ጋቢዬን አለበስሁት። አሁን እንዲያውም ሞቆት ነው መሰለኝ፣ መተንፈስ ጀምሯል።»

የእትዬን ፊት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አልጮኹም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሳትሮጥ ተከተለኝና እማሆይን አውጣ አሉኝ። እማሆይ ትርንጎ ዐይናቸው የጠፋ፣ እግራቸው የማይሄድ የአባታችን አክስት ናቸው፤ ለሰርጉ መጥተው ከመደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር።

የቤቱ ደፍ ላይ ስንደርስ ሽንኩርት ሸተተኝ። ሴቶቹ ከንጋት ጀምረው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። ክምሩ የሰው ቁመት ያህል ነው። ዐይናቸው እያነባ ይሳሳቃሉ። የሚሸተውን ማን ይለየው? ምድጃው ላይ ወጡ ይንተከተካል። ከመደቡ ኋላ አንድ ግልገል ሳለ። ሌሎቹ ተኝተዋል፤ አልተንቀሳቀሱም።

ጋዝ ነው ቢሏቸው ኖሮ ማን ይገባው ነበር? አንዷ እሳቱን ላጥፋ ብላ ትቆሰቁሰው ነበር። እትዬ ደፉ ላይ ቆሙና እልልታቸውን ለቀቁት። በሕይወቴ እንደዚያ እልል ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

«ሙሽራው ደረሰ! አቀበቱን ወጥተዋል፣ ውጡ ተቀበሏቸው!»

ሴቶቹ ቢላዋቸውን ጥለው፣ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን እየጠረጉ፣ እልል እያሉ ወጡ። ከምድጃው አጠገብ የነበሩትም ወጡ። ሙሽራዋ በጎረቤት ቤት ስትኳኳል ነበር። እኔ እማሆይን አቅፌ አነሣኋቸው።

«ቀስ በል እንጂ» አሉኝ በጆሮዬ። «የምታገባው እኔን ነው?»

ውስጥ አንድ ሰው አልቀረም፣ ቤቱ ባዶ ነበር። ሴቶቹ አቀበቱን አዩ። ማንም የለም። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው እትዬን ይሰድቡ ጀመር። በዚህ ቀን እንዲህ ይቀለዳል ወይ፣ ወጡ ሊያር ነው ብለው ወደ በሩ ተመለሱ። እትዬ ክንዳቸውን ዘርግተው ማንም እንዳይገባ አሉ። ሴቶቹ የቀልዱ ቀጣይ መስሏቸው ይገፏቸዋል። እትዬ ሴቶቹን አዩ። ሰው የሞላበትን ዳስ፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘውን ቅጠል አዩ። ከዚያ ዞረው ገቡ።

አትመለስ ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጎንበስ ብለው ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን አቅፈው ሲወጡ አየኋቸው። ጋቢው ከኋላቸው ይጎተታል። ደፉን አልፈው ነበር። ድምፁ ሰው እንደሚያወራው ፍንዳታ አልነበረም። ቤቱ በሙሉ አንድ ትልቅ ትንፋሽ እንደተነፈሰ ነበር። እሳቱ ከመሬት፣ ከዝቅተኛው ቦታ ተነሣ፤ በበሩ ወጣና ከበባቸው። ሲሊንደሩን አልጣሉትም። ወደ ሰው አልሮጡም። ሰው ወደሌለበት፣ ወደ ታጨደው የገብስ ማሳ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ከእጃቸው ወጥቶ ተንከባለለ፤ እሳቸውም ወደቁ።

የያዛቸውን እሳት በጋቢ አፈንነው፣ ውኃ አፈሰስን። ቤቱ ነደደ። ጎረምሶቹ ዳሱን ገነጣጥለው አራቁት። ግልገሎቹ አልወጡም። ሰው ግን፣ አንድም ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልቀረም።

ሙሽራው የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ጭሱን ከአቀበቱ ላይ አይተው በሩጫ መጡ። ቃሬዛውን እስከ መኪና መንገዱ የተሸከሙት እሱና ሚዜዎቹ ናቸው፣ በሰርግ ልብሳቸው።

ሆስፒታል ሳሉ መናገር ይችሉ ነበር። ለምን ተመለሱ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሴቶቹ ወደ ወጣቸው ሊገቡ ነበር» አሉኝ። «በውሸት ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። አያምኑኝም ነበር።» ስለ አያ ሞላ የተናገሩትን ቃል በቃል ልጻፈው፣ ምክንያቱም አደራ ነው፦

«ለበግ የሚያደርገውን አደረገለት። ክፉ አልሠራም። ማንም ቃል እንዳይናገረው። ተዝካሬ ላይ ከጎንህ አስቀምጠው።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ሲነቁም፣ ሲቃዡም፣ ነርሷ ፋሻ ስትቀይርም አንድ ነገር ነበር የሚጠይቁኝ። ሲሊንደሩን አቅፈው ሳሉ መዝጊያውን ያዙሩት አያዙሩት አያስታውሱም። እኔም አላየሁም።

«ማሳው ላይ ልጆች ይጫወታሉ» ይሉኛል። «ተዘጋ ወይ?»

ሳልነካ ተዘግቷል ማለት አልቻልሁም። ከተቀመጥሁበት የምናገረውን እንደማይቀበሉኝ ዐውቃለሁ። ሄጄ አይቼ እነግርዎታለሁ አልኋቸው። ግን ትቻቸው መሄድ አልቻልሁም። በጠዋት ዐረፉ።

አያ ሞላ ቀብር አልመጡም። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ብቻቸውን ቆመው ያየኋቸው እኔ ነኝ። ከአባታችን ወገን አንዳንዱ ርቀው መቆማቸውን ሌላ ትርጉም ሰጠው። ሰው ቤት ውስጥ ሲንሾካሾክ፣ እኔ ስገባ ዝም ሲል መስማት ጀመርሁ። አንዱ ዘመዳችን ትከሻዬን ይዞ፣ ወንድም ያላት እኅት እንዲህ ሆና አትቀርም አለኝ። ያን ጊዜ የእትዬ አደራ ለምን እንደሆነ ገባኝ።

ተዝካሩ ሲቃረብ ወደ ጉና ወጣሁ። ዘመዶቼ ለምን የምወጣ መስሏቸው እንደነበር አሁን ዐውቃለሁ፤ አንዱ ብቻዬን እንዳልሄድ ሊከተለኝ ፈልጎ ነበር። እጄ ላይ ምንም አልነበረም።

ሲሊንደሩ እዚያው፣ ገብስ ማሳው ውስጥ ወድቆ ነበር። ማንም አልቀረበውም። የማሳው የእግር መንገድ ታጥፎ፣ ሰፊ ዙሪያ ዞሮ፣ አዲስ መንገድ ሆኗል። ከብት የሚነዱም በዚያው ያዞራሉ። አያ ሞላ ከተጠጉበት ቤት ወጡ። ጋቢ አልለበሱም፤ ያለቻቸው ጋቢ ያች የተቃጠለችው ነበረች። እኔን ሲያዩ ቆሙ፤ አልሸሹም። እጃቸውን ወደ ጎን አድርገው ቆሙ።

«ለመጣህበት አልሸሽህም» አሉኝ።

የመጣሁት ሲሊንደሩን ለማየት ነው አልኋቸው። አብረን እንሂድ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ነኝ የነካሁት፣ ዳግም አልነካውም አሉ። እትዬ ምን እንደጠየቁኝ ነገርኋቸው። ቁጭ አሉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡና እንዶድ ወቅጠው በቅል አረፋ ይዘው መጡ። ሳሙና አልነበራቸውም።

በነፋሱ ጀርባ ሆነን ቀስ ብለን ቀረብን። ሽታ የለም። አረፋውን በመዝጊያው ዙሪያና ከተቃጠለው ጎማ በቀረው ላይ አፈሰስሁ። ጎንበስ ብዬ እንደ እትዬ ጠበቅሁ። አንዲት አረፋ እንኳ አልተነፋችም። ሲሊንደሩን ስነቀንቀው ከባድ ነበር፤ ጋዙ ውስጡ አለ። መዝጊያውን ይዤ ለመዝጋት ሞከርሁ። አልዞረም። ጥብቅ ብሏል። መዝጊያው ላይ የቀረውን ምልክት አልጽፍም።

አያ ሞላን እጃቸውን ይዤ መዝጊያው ላይ አስቀመጥሁት። ሞክረው አልዞር ሲላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ተዘግቷል» አሉ።

በበቅሎ ላይ ቀጥ አድርገን አስረን አወረድነው፤ እሳት የነካው ሲሊንደር ዳግም ሥራ ላይ አይውልምና ለሻጩ አስረከብሁት። አያ ሞላ አብረውኝ ወረዱ። ዛሬ በተዝካሩ ላይ ከጎኔ የምታዩዋቸው ሰው እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ጨብጡልኝ። የእትዬ ወዳጅ የሆነ ሁሉ ይጨብጣቸው። ማሽኑ ግድግዳ በሌለው ቤቱ ውስጥ ተሸፍኖ አለ፤ ጾሙ ሲፈታ ከእትዬ የተማሩት ሴቶች መጥተው ይለኩሱታል። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ መጥበሻ ያላችሁም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሥታችሁ አንድ ጊዜ እዩት። ከተቀመጣችሁበት አትመልሱ።

እትዬ፣ ጀርባዎ ላይ አድጌ እርስዎን መሸከም አልቻልሁም። የጠየቁኝን ሳልመልስልዎ ሄዱ። እኔም እስካሁን እንቅልፌን ስተኛ ከደፉ ወዲያ ቆመው እንደሚጠብቁኝ ሆኖ ይሰማኛል። ማሳው ላይ ልጆቹ ይጫወታሉ፤ መንገዱም ወደ ድሮው ተመልሷል። የእብናቱ ሙሽራና ሙሽራዋ ደኅና ናቸው። እማሆይ ትርንጎ የእርስዎን እልልታ አልረሳሁትም ይላሉ። አያ ሞላን ጋቢዎን አልብሻቸዋለሁ፤ ይፍቀዱልኝ። ሄጄ አይቻለሁ፣ እትዬ። ተነሥቼ፣ በእጄ ነክቼ ነው የምነግርዎት። ተዘግቷል። አሁን ይግቡ።